አበራ የያዘው ዓሣ ስም

ሐሙስ፣ ጁን 2፣ 2022። ጠዋት።

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ እንዳትስቅብኝ። በሟች ባሌ ዓሣ ተዋረድኩ። የዚህ ወር የጋዜጣ ዓምዴ ላይ የአበራን የመጨረሻ ፎቶ አወጣሁ፤ ሳዮቶ ወንዝ ላይ፣ ጀልባው ውስጥ፣ ዓሣውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ። ከሥሩ የዓሣውን ስም «ላርጅማውዝ ባስ» ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ ልብ። ስለ ሰው ጓዳ እንጂ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ?

አሁን ቴክስት ገባ። የማላውቀው ቁጥር። «ላርጅማውዝ አይደለም። የሱ አፍ ሲገጠም ጥጉ ዓይኑን ያልፋል፤ የዚህ አላለፈም። ምላሱንም በአውራ ጣቴ ነክቼዋለሁ፣ ይሻክራል። ስፖትድ ባስ ነው።»

ነክቼዋለሁ ይላል። ያን ቀን ጀልባው ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። አንዱ አፈር ለብሷል። ሌላው ጋሼ ሙላቱ ነው።

ከሰዓት። ሥራ እምቢ አለኝ።

ጋሼ ሙ. የአበራ የዓሣ ጓደኛ። ሞተሩን አጥፍተው ወንዙ ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ፣ በዓሣ ስም የሚጨቃጨቁ ሁለት ሽማግሌዎች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱንም ኮቪድ ጣላቸው። እሱ ዳነ። ቀብር ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቀደ፣ ለቅሶው በዙም። ጋሼ ሙ. በዙምም አልገባም። በኋላም አልመጣም። ለቅሶ ሳይደርሱ የቆዩበት ቤት ደጁ በየወሩ ይርቃል መሰለኝ። አንዴ ሐበሻ ሱቅ አየኝና ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ገባ። ኮፍያው ይታያል። እኔም ለሰው ሁሉ አማሁት፣ አልደብቅህም።

ዓርብ፣ ጁን 3።

ልጄ ሊድያ ታዝባኝ፣ ማም፣ ጀስት ኮል ሂም አለች። ኮል አደረግኩት። አነሳ። ስለ ለቅሶ ትንፍሽ አላልኩም። ጀልባውን ልሸጠው ነው፣ ከዚያ በፊት ዓሣ መለየት አሳየኝ፣ ስህተቴን ማረም አለብኝ አልኩት። ነገ በጠዋት አለ።

ቅዳሜ፣ ጁን 4። እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ሞተሩን አጠፋ። ወንዙ ወሰደን። ፊቴን አያይም፤ ውኃውን ነው የሚያወራው። አንድ ያዘ። አፉን ገጥሞ አሳየኝ፣ ጥጉ ከዓይኑ አልፏል። ጣቴን ምላሱ ላይ አደረገው። ለስላሳ። ላርጅማውዝ አልኩ። ጎበዝ አለኝ፣ ውኃው ውስጥ ለቀቀው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

«ያን ቀን ያስለኝ ነበር፣ ሰናይት። አበራ ጠይቆኛል። አለርጂ ነው አልኩት።»

ጀልባ ላይ መሸሸጊያ የለም። ለሱም፣ ለኔም። ልጮህበት ፈለግኩ። ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው። ጌታ ያጽናሽ አለኝ። ይህን ቃል ከሱ አፍ ስንት ጊዜ ጠበቅኩት።

አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰኞ፣ ጁን 6።

እርማቱን ላክሁ፦ ስፖትድ ባስ። ሳሉን ለማንም አልነገርኩም። እኔ፣ ወሬ ሆዴ የማያድር ሴትዮ። ለሊድያም።

ጀልባው አይሸጥም። ጋሼ ሙ. ቅዳሜ እንዲመጣ ቴክስት አደረግኩለት፤ «እሺ እህቴ» ብሎ መለሰ። ያ አሜን ጉሮሮዬ ላይ ነው። ይውጣ አይውጣ እንጃ። ብቻ ቅዳሜ ከጀልባው ስወርድ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው።