የቀንድ ዋንጫ

አንኮበር፣ ኅዳር ሚካኤል ፲፰፻፹፪ ዓ.ም.

ዛሬ አዛዡ የግቢውን ባለሙያ ሰብስበው የደከመውን ሸለሙ። የግቢውን ከብት የማክመው እኔም ተጠራሁ። «አገር ሙሉ ከብት ሲያልቅ አንዲት በቅሎ አላሳጣኸንም» ብለው የቀንድ ዋንጫ ሰጡኝ። እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ።

በሽታው የሚፈጀው በሬና ላም ነው፤ በቅሎ አይነካም። ይህን ብናገር ምን ይለወጣል ብዬ ዋንጫውን ይዤ ወጣሁ። የግቢው በሬዎች፣ የራሴው በሬ ቦራም ጭምር፣ መድኃኒቴን እየጠጡ አለቁ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ዋንጫውን አገላብጣ አየችው።

«ዘንድሮ መቼም ቀንድ ሞልቷል» አለች።

ቁጣ አልነበረባትም። እኔንም አልከፋኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ዋንጫውን ተቀብዬ፣ ቦራ ይጠመድበት ከነበረው ቀንበር አጠገብ ሰቀልሁት።