ሰይፍ የተሸለመው ጄኔራል

አብራር ወንድሜ፣

ካርዱ ላይ የምታየው የሸክላ ሰውዬ የጥንት ቻይና ጄኔራል ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያረፍኩባቸው አጎቴ፣ ሻለቃ ዘርትሁን፣ ሙዚየም ወስደውኝ አየሁት። ልጃቸው ኤፍራታ ጽሑፉን ተረጎመችልን። ሰውዬው በእህል ጎተራ ጸሐፊነት ጀምሮ አገረ ገዢ፣ ኋላም የጦር አዛዥ ሆነ። አመፅ አብርዶ ሲመለስ ንጉሡ ለሽልማት ጠራው። ሽልማቱ ሰይፍ ነበር፤ «ራስህን ግደልበት» ተባለ። እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ይሄ ምስኪን ለመቆጨት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

«ሲሄድ የሚጠብቀውን ያውቅ ነበር?» አሉ ጋሼ።

«የስ ዳድ፣ ያውቅ ነበር ይላል።»

ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔንም ያኔ በደርግ ጊዜ ለሽልማት ጠርተውኝ ነበር። እኔ በሱዳን ወጣሁ። አብሮኝ የተጠራው ጓደኛዬ ግን ዩኒፎርሙን አስተኩሶ ሄደ።»

ኮሎኔል መሆንህን ሰማሁ። «ሹመት ያዳብር» ልልህ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። ባለቤትህን ሰጂዳን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ጋሼም ሰላም ብለውሃል፤ «ለሽልማት ከጠሩት ከቤቴ ስር ያለው ቤዝመንቴ ባዶ ነው በለው» ብለዋል።

ይገዙ