በሻምፖው ጀርባ ላይ ስለሚለጠፈው ማኅተምዎ

ለክቡር የመዋቢያ ዕቃዎች ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ፀጉርዎም እንደ ሥልጣንዎ የማይሳሳ ይሁን እያልኩ፣ አንባቢዎቼ እየሰሙ አንድ ኀፍረቴን ላውጋዎት። እኔ በዚህ ዓምድ ለሰው ሁሉ ውበት የምመክር ሴትዮ፣ ሻምፖ የምመርጠው በዋጋው ነበር። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አበቃ። ልጄንም በዚሁ ጥበብ ሳጥባት ኖሬ፣ ዛሬ ከጆሮዋ በላይ መዳፍ የሚያክል ቦታ ፀጉሯ ረግፎ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች።

የቆዳ ሐኪሟ ጠላቷን አግኝታዋለች፤ ሻምፖው እንዳይበላሽ የሚጨመር፣ ስሙን ለመጨረስ አንድ ትንፋሽ የማይበቃ ኬሚካል ነው። ዋጋውን ተዪውና ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ፣ ዳግመኛ ከነካት የፀጉሯ ሥር ይሞታል፣ ፀጉሩም ተመልሶ አይበቅልም ብላኛለች። እኔም መነጽሬን ይዤ ወደ ሱቅ በረርኩ። ምስጋናዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቢሮዎ ለደኅንነታችን ተጨንቆ በየጠርሙሱ ላይ «ተመርምሮ ያለፈ» የሚል ማኅተም እንዲለጠፍ ስላዘዘ እግዜር ይስጥልኝ። ማኅተሙ የሚለጠፈው ግን የይዘቱ ዝርዝር ላይ ልክክ ብሎ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ አላመለጠችውም፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በመንገዶቻችን ላይ ቢታይ ስንቱ ጉድጓድ በተደፈነ ነበር!

ሁለተኛ፣ ጫፉን ልልጥ ስል ባለሱቁ እጄን ያዘኝ። እህቴ፣ ከላጥሽው ገዛሽው፣ ማኅተሙ የተነሳ ዕቃ ደግሞ መልሼ አልቀበልም፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁት፣ አለኝ። እንግዲህ ሳላነብ እንዳልገዛ ሐኪሟ አስጠነቀቀችኝ፤ ሳልገዛ እንዳላነብ ደግሞ እርስዎ ከለከሉኝ። ወደፊት ገደል፣ ወደኋላ ገደል።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በመስኮቱ የምታስተናግደው ሠራተኛ፣ እናቴ ምን አስጨነቀዎት፣ ውዱን ይግዙ፣ ውድ ነገር ሰው አይጎዳም፣ ብላ መከረችኝ። ምክሩ የራሴ ስለነበር አመስግኜ ወጣሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ቤት ስገባ ልጄ ከበሩ ጀርባ፣ እማዬ፣ አገኘሽ? ስትለኝ ጠፋብኝ።

የምለምንዎት ማኅተሙን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ እንዲያደርጉት ብቻ ነው። ይህ ታላቅ ጥናትና ብዙ ስብሰባ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ ስለሚደክሙት ድካም ከወዲሁ አዝንልዎታለሁ።

የማላነበውን ሁሉ ስለሚመረምሩልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የዚህ ዓምድ ጸሐፊና የአንዲት ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ጨክኜ አንዱን ጠርሙስ ገዛሁና በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ማኅተምዎን ላጥኩት። ከሥሩ የአምናው ማኅተምዎ ወጣ። ውኃውን እንደገና ጥጃለሁ፤ ልጄም በሯን ከፍታ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። ቀጥሎ የሚወጣው የኬሚካሉ ስም ይሁን የካቻምናው ማኅተም፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም ለአንባቢዎቼ ሳልደብቅ አወራለሁ።