ናዝራዊት እዚያው ትገባለች

ውድ ጸጋዬ፣

«ውድ» ብዬ ስጀምር እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ይሁን፣ የልጆቼ አባት ነህ። ስደውል ስለምትጮህብኝ ጻፍኩልህ። ናዝራዊትን ወንድሟ ቢንያም የተማረበት የካቶሊክ ሃይስኩል ተቀብሏታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። «በቁሜማ አይሆንም» ብለሃል አሉ። በቁምህ ስንት ነገር ሆነ፣ ጸጋዬ!

ቢንያምን «ሥርዓት ያስይዙታል» ብለህ ያስገባኸው አንተ ራስህ ነህ። ከዚያ ወላጆች ለቅዳሴ የተጠራን ቀን፣ አንተ አልገባም ብለህ በሩ ላይ ቆምክ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቄሳቸው ፊት ሲቀርብ አየህ። «ቆረበ! የዲያቆን ልጅ ከነሱ ጋር ቆረበ!» ብለህ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ጮህክ። «አባዬ፣ ሊስን ቱ ሚ» ሲልህ «ዝም በል!» ብለህ መኪና ውስጥ ከተትከው። በሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ አስወጣኸው። እኔ ስጠይቀው ደግሞ «ኔቨር ማይንድ፣ ማሚ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰካ።

ያ ትምህርት ቤት ለኔ እኮ ዘመድ ነበር። ከሥራ እስክወጣ ልጄን ያቆይልኛል፣ ሲያመው ይደውልልኛል፤ ከኤል ሳልቫዶር የመጡት ልጆች እናቶች ሳይቀሩ በስሙ ይጠሩት ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት ማን ያውቀዋል? ብቻውን ከረመ፤ ቀስ በቀስ የማናውቃቸው ልጆች ወሰዱት። ከዚያ ያቺ የተረገመች የዕፅ ኪኒን መጣች። አልጋው ላይ ቀዝቅዞ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንተ ደልስ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበርክ።

አፓርታማችን ለቀስተኛውን አልችል ሲል የካቶሊኩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ መነኩሲቷ ሲስተር፣ የስፖርት አዳራሹን ከፈቱልን። ሰዉ ሁሉ ገባ፤ የክፍል ጓደኞቹ ወንበር ደረደሩ፣ ውኃ አዞሩ። አንተ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ «እግዚአብሔር ያጽናህ»ን በመስኮት ተቀበልክ። ስለዚህ የሰማሁትን አልሰማህም።

ሲስተሯ እጄን ይዘው፣ «ሁልጊዜ ይሰለፍ ነበር፤ ግን አንድ ቀንም ቆርቦ አያውቅም» አሉኝ። እነሱ ዘንድ እጁን ደረቱ ላይ ያጣመረ ሰው «አልቆርብም፣ ባርኩኝ ብቻ» ማለቱ ነው። ልጅህ ገና ሲገባ ነግሯቸዋል፦ «የኔ ቤተክርስቲያን ሌላ ነው፤ አባቴ ዲያቆን ነው።» ኮራ ብሎ ነው ያለው አሉኝ።

ወይኔ ልጄን! ይህን ለአንተ ብነግርህ ትሞትብኛለህ ብዬ ዋጥኩት። አንተም ሳታውቀው ጓዝህን ይዘህ አሌክሳንድሪያ ወንድምህ ጋ ገባህ። አሁን ግን ሴቷንም ልትከለክልብኝ ስትነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክፉ ሴት በለኝ፣ ግድ የለም። አልጠላሁህም፤ ብጠላህ ይቀለኝ ነበር።

ትናንት ናዝራዊት ዩኒፎርሟን ስትለካ፣ «አባትሽ ለምን እዚያ ገባሽ ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች ብዬ ስጠብቅ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«አባዬ እኮ አይጠይቅም» አለች።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነን። ከመጣህ፣ ጠይቃት።

የልጆችህ እናት፣
ወለተሥላሴ
ሲልቨር ስፕሪንግ