ባለፈው እሑድ አባትህ ያለው

ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ይቅደምልህ፤ የረገጥከው ይለምልምልህ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ያለህበት አገር ወዳጃችን ሳለ፣ ሰፈሩ በአንተ እየኮራ አባትህ ዘንድ ልብስ ያሰፋ ነበር። መንግሥታቱ ሲጣሉ የሰዉም ፊት ጠቆረ፤ የልብስ ስፌት ሱቁ ጭር አለ። ባለፈው እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ አባትህን አስነስቶ፣ "ልጅህ ለጠላት አድሯል፤ ምን ትላለህ?" አለው።

"እኔ ልጅ የለኝም" አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አንተን ያዋለደችኝ አዋላጅ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ታይ ስለነበር፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ደንበኞቹ ተመለሱ። ፈርቶ ያለው መስሎኝ ትናንት ምሳ ላይ ስምህን ባነሳ፣ "የማን ልጅ ነው?" አለኝ፤ ቀልዱን አልነበረም።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ክፉ አይንካህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ በዕረፍቴ እመጣለሁ ያልከውን ተወው። በሩን የሚከፍትልህ እሱ ነው።

እናትህ