ከመዳቡ ላይ የተፋቀችው ቃል

ልጄ ፊሎሜን፣ የለንደን ጉም ደረትሽን አይንካው፤ እመቤታችን በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ፖሙ ግን ዘንድሮ አልያዘም። ልጅሽ ዜሊ ጥርስ አብቅላ፣ ገንፎ ሳበላት ማንኪያውን ነክሳ አለቅም ትላለች።

አንድ ልጅ እግር ሠዓሊ ከፓሪስ መጥቶ ሰንብቷል። መዳብ ላይ በመርፌ እየጫረ ወረቀት ላይ የሚያትም ነው። ዜሊን ሳጎርሳት ሣለንና አትሞ አመጣልኝ። የተሰነጠቀው የእንጨት ጫማዬ እንኳ አልቀረውም። ከሥሩ ግን «እናት» ብሎ ጽፎበታል።

«ጌታው፣ እናቷ ልጄ ናት። ሰው አገር ተቀጥራ የምትለፋው ለዚህች ሕፃን ነው» አልኩት።

«እትዬ ሲዶኒ፣ ገዢው ይህን በምን ያውቃል? እናት ሲባል ይሸጣል» አለኝ እየሳቀ።

«እኔ አውቃለሁ። ፋቀው!»

«መዳብ እኮ ነው! የተማሪ ሰሌዳ መሰለዎት?»

«ጭረኸው የለ? እንግዲያው ፋቀው።»

እየተነጫነጨ ፋቀው። አሁን «አያት» ይላል፤ አንዱን ልኬልሻለሁ።

እንዲህ የተቆጣሁት ለወረቀቱ ብዬ አይደለም። ዜሊ ሰሞኑን «እማ» ማለት ጀምራለች፤ የምትለው ግን እኔን ነው። «እማሽ ፊሎሜን ናት» ስላት ትስቅና መልሳ «እማ» ትለኛለች። ልጅ የሚያውቀው ያጎረሰውን ስለሆነ አልፈርድባትም።

አሠሪዎችሽ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ከፈቀዱልሽ፣ እባክሽ ነይ። ባሕሩን በሰላም ያሻግርሽ። ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ፤ አንቺ ታጎርሺያታለሽ።

እናትሽ ሲዶኒ