ከመጋረጃ ጀርባ የመጣ ኪሎ

ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡30
ዛሬም ከቢሮው ደጅ ግንቡን ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ። አሥረኛ ቀኔ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፤ 84 ኪ.ግ.። ነርሷ ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው ብላኛለች፤ እስከ ጥር ካልወረደ መድኃኒት ይጀመራል። የጠዋት ብርሃን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያስተካክላል፣ ብቻውን ግን አያከሳም፣ መራመድና እራት በጊዜ መብላትም አለበት አለች። እኔ የያዝኩት የቀለለውን ነው፤ መቀመጡን።

ጥቅምት 15
አፈርኩ። የመ/ቤቱ ዘበኛ አባ ይሁኔ ሲያዩኝ ከርመው ኖሮ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ፀሐይን ጥላ ይዘሽ ነው እንዴ የምትሞቂያት?» አሉኝ። ለካ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ፣ በላዩ ጥላ ዘርግቼ ነው የከረምኩት። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ! እምዬ ምች ይመታሻል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እጄ ከልማዱ አልወጣም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ከፋኝ።

ጥቅምት 21፣ ከሥራ መልስ
ማስታወሻዬ፣ እስኪ አንቺን ልጠይቅ። ቡሬ ዙሪያ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ሰባት ዓመት ከበርበሬ ማሳ በርበሬ ማሳ ስዞር 63 ኪሎ ነበርኩ። ጀንበር ስትጠልቅ እራት፣ ጎኔ መደብ ሲነካ እንቅልፍ። ከዚያ እድገት መጣ፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ገባሁ። የክብር ቢሮ ተሰጠኝ፤ ውስጠኛው፣ መጋረጃው ወፍራም፣ አምፖሉ ቀኑን ሙሉ የሚበራ። በሁለት ዓመት ሃያ አንድ ኪሎ።
ያኔ ያቀጠነችኝ ፀሐይዋ ናት ወይስ እግሬ? ወይስ በጊዜ እበላው የነበረው እራት? መለየት አቃተኝ። አብረው ነበሩ፣ አብረው ሄዱ።
ወደ ቀበሌ መልሱኝ የሚል ማመልከቻ ጀመርኩ። ስሜን ጽፌ አቆምኩ። እምዬን ምን ልበላት?

ጥቅምት 27
እምዬ ከማንኩሳ መጣች። ገና ከበሩ ጉንጬን ይዛ ሞላሽ፣ አማረብሽ አለች። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄን ፀሐይ አይነካትም ስትል ነው የኖረችው። እሷ አረም ላይ ጀርባዋ እየተቃጠለ ያስተማረችኝ ለዚሁ ነው። ስኳሩን ነገርኳት። ማመልከቻውንም። እንዳልሰማች ተነስታ እራት አቀረበች። ተናደድኩ፤ አሳዘነችኝም።

ጥቅምት 28፣ ጠዋት 1፡00
ስነቃ እምዬ የለችም። ጥላኝ ሄደች ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሁለት በርጩማ አውጥታ ምሥራቅ ከሚያየው ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ጎኗ አስቀመጠችኝ፤ ነጠላዬን በእጇ ከራሴ ላይ አወረደችው።
«እኔ ያሸሸሁሽ ከድካሙ ነው እንጂ ከፀሐይዋ አይደለም» አለች።
አለቀስኩ። እሷም። ትንሽ ቆይታ ቁርስ ሳልበላ መውጣቴን አይታ ተቆጣችኝ።

ጥቅምት 30
ማመልከቻው ገባ። ኃላፊው ሳቀ፤ ሰው ወደ ላይ ይለምናል እንጂ ወደ ታች ይለምናል ወይ አለ። መልሱ የሚመጣው ወደ ቀበሌው የሚወስደው መንገድ ሰላም ሲሆን ነው አለኝ። እስከዚያ ቢሮ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ እራት ከ12፡30 አያልፍም። መጋረጃውን አውልቄ አጣጠፍኩት።
ኪሎ? ያው 84።
እምዬ ዛሬ ተመለሰች። ጥላዬን ሰጠኋት፤ ይዛው ሄደች። አሁን ከፀሐይ የመጠለሉ ተራ የእሷ ነው።